ማሽኑን የመረጠው ማን ነበር

ልጄ የሰው መኪና አቃጠለች ተብላ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቃለች። በደሉ ይኸ ነው። ቀለሙን ያቃጠለው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑን የመረጠችው ደግሞ እሷ አይደለችም። የልጅ ልጆቼ የእናታቸውን ነገር ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ እጽፈዋለሁ። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቤታችን ቦሌ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ አይርቅም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ግቢያችንን ሲሚንቶ አስለብሶ የመኪና ማጠቢያ፣ ላቫጆ፣ ከፍቶ ነበር። እሱ ሲሞት ሥራውን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ያዝነው። የውሃውና የግቢው ነገር የእኔ፣ ዕቃ መግዛቱና ደንበኛ ማነጋገሩ የእሱ ሆነ። ፖሊሽ የልጄ ነበር።

በእጇ ነበር የምትሠራው። ያረጀ ጋቢ ቀድዳ፣ የፖሊሹን ቅባት ነካ አድርጋ፣ ቀለሙን በክብ በክብ ታሸዋለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ በጎን ስትመጣ ጎንበስ ብላ ቀለሙን ታየዋለች። በመጥፎ ጨርቅ የታጠበ መኪና ያን ጊዜ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ያሳያል። ድሩ እስኪጠፋ ድረስ አትለቀውም። አንድ መኪና ሁለት ቀን ይፈጅባታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ትከሻዋን እያመማት ክንዷን አንሥታ ነጠላዋን ማጣፋት ስለሚያቅታት እኔ ነበርኩ የማለብሳት።

ሁለት ቀን የሚጠብቅ ደንበኛ ግን እየጠፋ ሄደ። ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ላቫጆዎች የፖሊሽ ማሽን ገዝተው በግማሽ ቀን ያስረክቡ ጀመር። እኛም እንግዛ ተባባልንና ሦስታችን መርካቶ ሄድን።

ባለሱቁ ረጋ ያለ ወሎዬ ነበር። ሁለት ማሽን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልን። አንደኛው ትልቅና ከባድ ነው፤ ሲከፍቱት በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሽከረከራል፣ ሌላ ፍጥነት የለውም። ሁለተኛው አነስ ይላል፤ እጀታው ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ መዘውር አለችው፣ እሷን እያዞሩ ቀስ ማድረግም ማፍጠንም ይቻላል።

ልጄ ሁለቱንም በየተራ አስከፍታ ያዘቻቸው። ትልቁ ገና ሲነሣ ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

«ይኸኛው ይታዘዘኛል» አለች ትንሹን ይዛ። «ያኛው ግን እኔን ነው የሚያዘኝ።»

«ይኼማ እንቅልፋም ነው!» አለ አጎቷ። «እንዲህ ለሚያዛጋ ማሽን መብራት ከምንከፍል እጅሽ ምን አለው?»

«ጋሼ፣ የምናሸው እኮ ቀለም ነው፤ የባቡር ሐዲድ አይደለም።»

ባለሱቁ ሳቀ። «እናቴ፣ ልጅዎ ገብቷታል» አለኝ። «ትልቁ ዕድሜ ልኩን ለሠራበት ሰው ነው። ጠርዝ ላይ ትንሽ ካቆዩት ቀለሙን ይበላዋል። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው።»

ትንሹ ይሁን ብለን ተስማማን። አጎቷም «እሺ፣ ይሁን» አለ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚገጠምለት ስፖንጅ መጋዘን ስለነበር ባለሱቁ ነገ ኑ አለን።

በማግስቱ አጎቷ ብቻውን ሄደና ትልቁን ይዞ መጣ።

«ትንሹ ተሸጦ ጠበቀኝ» አለ።

አመንነው። ልጄ ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥታ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ጓሮ የተጣለ አሮጌ የመኪና በር ነበረን። እሱ ላይ ስትለማመድ ሰነበተች። በሩ ሁለት ቦታ ተበልቶ ብረቱ ሲወጣ፣ ለራሷ ሥርዓት አበጀች፤ ሜዳ ሜዳውን በማሽን፣ ጠርዝ ጠርዙን እንደ ድሮው በእጇና በጨርቅ። በዚህ ሥርዓት ከወር በላይ ሠራች። አንድም መኪና አልተበላም።

ጥር ገባ፤ የሰርግ ወር ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ አንድ ደንበኛችን ጥቁር መኪናውን አመጣ። እሑድ የእህቱ ሰርግ ነው፣ ሙሽራዋ የምትሄደው በዚያ መኪና ነው። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት አድርሱልኝ ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ የኮፈኑን፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ ሜዳውን ጨርሳ ማሽኑን አጠፋችና ጨርቅ አነሣች። እኔ በርሜል እየሞላሁ ነበር፤ መካከላችን ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«አሁን ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አጎቷ።

«ጠርዙን በእጄ ልጨርሰው።»

«ታዲያ ይኼን ማሽን ለምን ገዛሁት? ሰውየው እኮ በሩ ላይ ቆሟል!»

«ጋሼ፣ ይበላዋል።»

«አይበላም። ያዥው ብያለሁ!»

ያዘችው። ማሽኑ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ እንዳረፈ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ስታነሣው በጥቁሩ ቀለም መሐል አንድ ጣት የሚያህል ግራጫ መስመር ወጥቷል። ማሽኑን አጥፍታ እንደያዘችው ቆመች። በርሜሉ ሞልቶ እግሬ ላይ ይፈስ ነበር፤ ቧንቧውን መዝጋት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን አልዘጋሁትም።

ሰውየው ገብቶ አየና ራሱን ያዘ። «ነገ እኮ ነው ሰርጉ!»

«ልጅቷ እጇ ከበዳት» አለ አጎቷ። ይህን ቃል ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። በማግስቱ መኪናው ቃጠሎው ላይ አበባ ተለጥፎበት ሙሽራዋን ወሰደ።

ሰርጉ አልፎ አጎቷ ቀለሙን አስቀባለት፤ ሰውየው ግን እንደተቀየመ ቀረ። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ተለምነው እኛ ሳሎን ተቀመጡ። ነገሩን የያዙት ጎረቤታችን ነበሩ፤ የትግራይ ሰው፣ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ፣ በሰፈሩ የተከበሩ። ሁለቱ ከዕድራችን ናቸው።

«ማሽኑን የያዘው ማን ነበር?» አሉ ጎረቤታችን።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

«እንግዲህ ነገሩ አጭር ነው።»

«አጭር አይደለም» ብዬ ተነሣሁ። «ያዥው ያላት ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ።»

አጎቷ ምንጣፉን ያይ ነበር። «ሥራ ነው፣ ሁላችንም ያዙ እንባባላለን» አለ።

«እመት፣ እናት ለልጇ አትመሰክርም» አሉኝ አንዱ የዕድር ሰው።

«እንግዲያው ማሽኑ ይመስክር። ከጓሮ አሮጌ በር አለ። እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ እሱ ራሱ ጠርዙን ይሸው። እጅ ከብዶ እንደሆነ፣ ማሽን ከብዶ እንደሆነ ይለያል።»

ጎረቤታችን ፈገግ አሉ። «እመት፣ እኛ የመጣነው ሰው ልናስታርቅ ነው እንጂ በር ልናሽ አይደለም።»

ሁሉም ሳቁ። የተቀየመው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ጊዜ ዕርቁ አለቀ። ልጄ ተነሥታ ጉልበቱን ልትነካ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዞ ቀና አደረጋትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እሷም አሜን አለች። እኔ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ። አላለቀስኩም፣ አልተቆጣሁም። ሰባት ብርጭቆ ነበር፤ አጥቤ ደፋኋቸው።

ከሰኞ ጀምሮ ልጄ መኪና አልነካችም። መጀመሪያ እሷ ተወችው፤ ኋላ ልመለስ ብትልም የሚሰጣት አልነበረም። ላቫጆ ለላቫጆ ወሬ ይሄዳል። «ያቺ ያቃጠለችው» ነበር ስሟ። ሾላ ገበያ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ትሸጥ ጀመር። ትከሻዋ ዳነ፤ ነጠላዋን ራሷ ታጣፋለች።

ከዕርቁ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ብቻዬን መርካቶ ሄድኩ። ትንሹ ማሽን መደርደሪያው ላይ ካርቶኑ ውስጥ አለ።

«ሌላ አስመጡ?» አልኩት ባለሱቁን።

«የለም እናቴ፣ ያው ነው። ሰውየው ብቻውን የመጣ ዕለትም አውጥቼ እጁ ላይ ሰጥቼው ነበር፤ መለሰልኝ።»

ይህን ይዤ ጎረቤታችን ዘንድ ገባሁ። ቆመው ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሰጡኝ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «የታረቀ ነገር አይቆፈርም፣ እመት» አሉኝ። እሳቸው ዕርቅ ነበር የያዙት፤ እኔ የምጠይቀው ፍርድ ነበር። ለፍርድ ደግሞ ማንም አልተቀመጠልኝም።

ስለዚህ የልጄን አጎት ራሱን ጠየቅሁት። ትንሹን ለምን መለስከው? «እትዬ፣ ይተዉኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ «ማሽን ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜም ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። እስኪመልስልኝ ከእሱ ጋር ከአንድ ማዕድ አልቆርስም አልኩ። ዘመድ ገባ፣ የንስሐ አባቴ ገቡ፤ እሺ አላልኩም። ግቢው አንድ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ እለዋለሁ፣ ውሃ እሞላለታለሁ፤ ግን አብሬው አልበላም። ሁለት ፋሲካ ለብቻዬ ገደፍኩ። ለመድኩት ማለት ይቻላል፤ እንቁላል ቀቅዬ ቁጭ ብዬ እበላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ፣ በርሜሉ አጠገብ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ የውሃ ጎማውን እያጠቀለልኩ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ሁለት የጋራዥ ሰዎች ቆመው ነበር» አለ። «አላውቃቸውም። ባለሱቁ ትንሹን ሲሰጠኝ አንደኛው ፈገግ ብሎ ‹ይቺ ለራስህ ነው?› አለኝ። ‹አይ፣ እኔ የምፈልገው ትልቁን ነው› አልኩት። አንዴ ካልኩ በኋላ ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። እነሱም እስክወጣ ድረስ አልሄዱም።»

«ሽማግሌዎቹ ፊትስ?» አልኩት።

«እዚያም ሰው ነበር፣ እትዬ።»