የበርበሬው ሸራ

ቡታጅራ፣ የእጅ ባትሪ ሌንስ በምናወጣበት የፕላስቲክ ፋብሪካ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሌንሱ ውስጥ ነጭ ጭረት ይታያል። ሙቀቱን ቀነስኩ፣ ማሽኑን ፈትቼ ገጠምኩ፣ በመጨረሻም በእርግጫ አልኩት። ጥፋቱ ግን የጥሬ ዕቃው ነበር፤ የፕላስቲኩ ፍሬ እርጥበት ጠጥቷል፣ ማድረቂያችን ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል።

ዕቃ ቤት የሚሠሩ አንዲት የመስቃን ተወላጅ እናት ጭንቀቴን አይተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ በርበሬ የሚያሰጡበትን ሸራ ከቤታቸው አመጡ። ዝናቡ ጋብ ሲል አንዱን ጆንያ ፍሬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጡልኝ።

በማግስቱ ጭረቱ የለም። በየሌንሱ ውስጥ ግን ቀይ ነጥብ ተቀምጧል። ብወለውለው፣ ብፍቀው አይወጣም።

«ጠፋልህ አይደል ልጄ?» አሉኝ በር ላይ ቆመው። ፊታቸው በርቷል።

«ጠፋ፣ እማማ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና የቀረውን ጆንያ ሊያሰጡ ወጡ።