ሳይጠሩ የማይገባበት ማሳ

ባለፈው ሳምንት ተከራይዬ ከባጃጅ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወጣት አስተማሪ ናት፤ አገሯ ሩቅ ነው። ጠዋት ውሃ ቀድቼላት ብገባ በአንድ እግሯ እየዘለለች ቤት ስትጠርግ አገኘኋት። «ተይው እንጂ ልጄ» ብላት፣ «ምን ላድርግ እማማ፣ እዚህ ሰው የለኝም» አለችኝ። ጀሪካኑ እኮ በእጄ ነው። ልቆጣት ስል ሳቄ መጣ፤ ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

ሮቢት ከተማ አጠገብ ያለውን የአባቴን መሬት ስረከብ ሃያ ዓመቴ ነበር። እናቴም አባቴም በልጅነቴ ሞተው ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ስዞር ነው ያደግኩት። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ጨምሩልኝ አይልም። እኔም አለመጠየቅን እንደ ኩራት ይዤው አደግኩ።

የዚያ ዓመት ማሽላ ያማረ ነበር፤ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ማሳዬን አጥግቦታል። ኅዳር ላይ ሊታጨድ ሲደርስ ግሪሳ ወፍ መጣ። አንድ ሰው ደግሞ ወይ ያጭዳል ወይ ወፍ ይጠብቃል። ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳስጮህ አጨዳው ይቆማል፤ ወርጄ ማጭድ ስይዝ ወፉ ላይኛው ጥግ ላይ ይሰፍራል። የዓመት ቀለቤ ያ ብቻ ነበር። ጎን ካለው ማሳ ደቦው እየዘፈነ ያጭዳል። ሲመለሱ «በርቺ» ብለውኝ ያልፋሉ። ይኸው፣ ማን አለኝ አልኩ። ሦስት ቀን በእልህ ብቻ ቆምኩ።

በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ አያ ሰይድ መጥተው ማሳው ዳር ቆሙ። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገቡም።

«ደቦ የማትጠሪው ንቀሽን ነው?»

«እኔ እናንተን? እናንተ ናችሁ እንጂ ዝም ብላችሁ ያለፋችሁ።»

«ሳይጠሩት ማጭድ ይዞ የሰው ማሳ የሚገባ፣ ባለቤቱን አቅም የለህም ብሎ እንደሰደበ ነው። ወላሂ፣ ማጭዳችንን ስለን አፍሽን ነው የምንጠብቀው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጥሩልኝ።»

«አይሆንም። የማሳው ባለቤት አንቺ፣ ጠሪዋም አንቺ።»

ሄድኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ስለ ከብቶቻቸው ደህንነት ጠይቄ፣ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ በራሴ ተናደድኩና ተመለስኩ። «ነገ ማሽላዬን እጨዱልኝ» አልኩ፤ ሰላምታም ልመናም የለውም። ሴትየዋ ቀና ብላ አይታኝ፣ «ይህን ለማለት ነው ሁለቴ የገባሽው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቤቶች ሳላቋርጥ ዞርኩ።

በማግስቱ ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ጠላ ለመጥመቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቂጣ በእርጎ አቀረብኩ፣ ማንም ቅር አላለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አጨዳው አለቀ። የላይኛው ጥግ ግን ባዶ አገዳ ሆኖ ቀርቷል።

ወፍ የበላውን ያን ጥግ አሁንም አስበዋለሁ። ያን እህል ያጣሁት የሚረዳኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ለኔም ይደርሳል ብዬ ማመን አቅቶኝ ነው። ይህ ነገር በእድሜ ይለቃል ሲሉ ብሰማም እኔን አልለቀቀኝም። ዛሬም የሰው በር ላይ ስቆም ልመለስ ልመለስ እላለሁ። ቢሆንም አንኳኳለሁ።