ዝናቡ እስኪያባራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የጌም ውድድሯን እንድመለከትላት ይዛኝ ሄደች። ተጫዋቾቹ ሁሉ ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫ አድርገዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «የተመልካች ጫጫታ እንዳይረብሸን ነዋ፣ አባዬ» አለችኝ። ላቤን እንደሚጠርግ ሰው ፊቴን በመሐረብ ሸፈንኩ።

በሃያ ዓመቴ የቡራዩ ጀግና ነበርኩ፤ ጀግንነቴ ግን ከኦቦ ቶላ ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ አያልፍም። አንድ የክረምት እሁድ ኦቦ ቶላ ለሌላ ሰፈር ልጆችም ክፍት የሆነ የድብድብ ጌም ውድድር አዘጋጁ። ከእኔ ጋር ለፍጻሜ የደረሰው ሌሊሳ የሚባል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበር፤ ከሰበታው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ታክሲ እየቀያየረ ብቻውን የመጣ። ቡጢውንም ዝላዩንም በድምፅ ይለያል። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ቀልድ አሸነፈኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።

ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሌሊሳ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ኦቦ ቶላ፣ እስኪያባራ ብንቆይስ? ምንም አልሰማም» አለ። ተስማማን። በር ላይ ከምትሸጠው ሴት እርጥብ የምንለውን ድንች በዳቦ ገዝቼ ለሁለት ተካፈልን፤ ድንቹ ትኩስ፣ ሚጥሚጣው የሚያስነጥስ ነበር። አብረውት የሚያድሩት ልጆች ውጤቱን እየጠበቁ እንደሆነ አጫወተኝ። «ዋንጫውን በእጃቸው ካልዳሰሱት ግን አያምኑኝም» አለ እየሳቀ።

አብሬው እየሳቅኩ በልቤ ሌላ ነገር አውጠነጥን ነበር። በዓይነ ስውር ተሸነፈ ከምባል ሞቴን እመርጥ ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁና ጓደኞቼን፣ «ስንጀምር ጨፍሩ፤ እስክንጨርስ እንዳታቆሙ» አልኳቸው።

ዝናቡ አባራ፤ እነሱ ጀመሩ። ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ፣ አግዳሚውን እንደ ከበሮ ይመታሉ። ሌሊሳ ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ፤ ቡጢው ግን አየር ብቻ ይመታል። ኦቦ ቶላም የደስታ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ። የቀሩትን ሁለት ዙሮች ወሰድኩ። ማጨብጨብን የሚከለክል ደንብ አልነበረም እያልኩ ለዓመታት ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ አፍራለሁ እንጂ አልጽናናም።

ሌሊሳ እጄን ፈልጎ ጨበጠኝ። «ታድለሃል፣ ጓደኞችህ ይወዱሃል» አለኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዋንጫውን አንዴ እንኳ ዳስሰው አላልኩትም። ታክሲ ድረስም አልሸኘሁትም፤ ጭቃውን በዘንጉ እየፈተሸ ሲሄድ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

ቅዳሜ ልጄ አሸነፈች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የእኔ እጆች ጭኔ ላይ ቀሩ። ቤት ስንገባ፣ «አባዬ፣ ለምን አላጨበጨብክልኝም?» አለችኝ።

«እጄን አሞኝ ነው» አልኳት። ዋንጫዋን ከእኔው ዋንጫ ጎን ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። ጌም የጀመረችው የእኔን እያየች ነው።