የካሱ ልጅ አፏን የፈታች ለት

ካሱ ሸማኔ ነው፤ የዶርዜ ሰው። ልጅነቱን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አጎቱ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ክር ሲያጠነጥን አሳለፈው። ጎልምሶ አርባ ምንጭ ሲመለስ ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ጥሩ እጅና ጥሩ አማርኛ። በእጁ እንኳ ያን ያህል አይኮራም፤ የዶርዜ ሰው ሁሉ እጁ ጥሩ ነዋ። በአማርኛው ግን አይጣል ነው። በሲቀላ ሰፈር ገበያ ጋቢ ይዞ ከቆመ፣ ኮት የለበሰ ሰው ባጠገቡ ካለ፣ በጋሞኛ ሰላም ለሚሉት ያገሩ ሰዎች እንኳ በአማርኛ ነው የሚመልስላቸው። ኩራት እራቱ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው ካሱ ነው።

እንግዲህ በሰማንያ ሰባት ዓ.ም. አራት ዓመት የሞላት ልጁ ቤተል፣ ሴቻ ሰፈር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ፣ ካሱን ማን ይቻለው። እዚያ የሚውሉት የመምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞችና የነጋዴዎች ልጆች ናቸው። ከሸማኔ ቤት የሄደችው እሷ ብቻ ናት። የሽርጧን ጨርቅ ራሱ ሸመነላት፤ ጫፉ ላይም ማንም ያላዘዘውን ቀጭን ጥበብ ጣል አደረገበት። በየማለዳው በትከሻው ተሸክሟት ሲሄድ፣ "ወዴት ነው ካሱ?" ብሎ የጠየቀውን ሁሉ ቆሞ ያስረዳል። ያልጠየቀውንም ያስረዳል።

መስከረም እንዲህ ሆኖ አለፈ። ጥቅምት ሲጋመስ መምህሯ እትዬ ጽጌረዳ በሩ ላይ አስቆመችው። ባሏ ከተማው ባለው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምራል፤ ከደብረ ብርሃን ነው የመጡት፤ ጋሞኛዋ ከሰላምታ አያልፍም።

"የቤተል አባት፣ ቤተል እኮ አትናገርም።"

"እንዴት አትናገርም? እቤት አፏ ተዘግቶ አያውቅም።"

"እዚህ አንድ ቃል አልወጣትም። እንዳላስጨንቃት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እስከ ገና እንያት። ካልሆነ ዘንድሮ እቤት ትቆይና፣ ጠንከር ስትል ትመለሳለች።"

ካሱን፣ ያንን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያወራላትን ልጁን፣ መልሶ በትከሻው ተሸክሞ ሲወርድ ታየው። እቤቱ እንደገባ አዋጅ አወጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጋሞኛ የለም። ለልጅቷ ሲባል፣ ሁሉም ነገር በአማርኛ።"

ሚስቱ ሻሺቱ ቀና ብላ አየችው። የእሷ አማርኛ የገበያ ነው። ጥጥ ለመግዛት፣ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፤ ልጅ ለማጫወት ግን አይበቃም። ቢሆንም ሞከረች። አንድ ቃል ስትናገር ካሱ ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ ያርማታል፤ ሌላ ስትናገር አሁንም ያርማታል። እሷም የዋዛ ሴት አይደለችም። እንዲህ ከሆነ ብላ አፏን ዘጋች። እራት ደርሷል ለማለት በአገጯ ድስቱን ታሳየዋለች። እየፈተለች የምትዘምረው መዝሙር በጋሞኛ ነበርና እሱንም ተወችው። ካሱ በዚህም አላበቃም፣ የቤተልን ምሳ ዕቃ ሳይቀር ከቆጮ ወደ ዳቦና ማርማላታ አዞረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ቤተል ድሮ ካባቷ ጎን ተቀምጣ፣ ክሩ ለምን ነጭ ሆነ፣ ጥጥ ሌሊት ይተኛል ወይ እያለች መድረሻ ታሳጣው ነበር። አሁን እሷም ዝም አለች። በዚያ ቤት የሚሰማው የሽመናው ዕቃ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ኅዳር መጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ካሱ ክር አለቀበትና "ቤተልዬ፣ ያንን ክር አቀብዪኝ" አላት በአማርኛ። ልጅቷ አልተነሳችም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። እሷ ክሩን ሳይሆን የሱን ፊት ነው የምታየው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ካሱ ፈራ። የገናው ቀጠሮ ደርሷል፤ ልጁ ጭራሽ እቤትም አፏ ተይዟል። የዘጋውም እሱ ራሱ መሆኑ ገባው።

ሻሺቱ እንዝርቷን አስቀመጠች። ስንት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችውን በጋሞኛ ለቀቀችው።

"አንተ ሰው፣ ድሩን በጥሰህ ስታበቃ ማጉን በምን ላይ ልትወረውር ነው?"



ሻሺቱ ልጇን እቅፏ ውስጥ አስገብታ፣ በዚያው በጋሞኛ፣ ዛሬ እትዬ ምን አለቻችሁ ብላ ጠየቀቻት። ከከተማው አጠገብ ያለው የጫኖ መንደር ገበሬ የደፈነውን የመስኖ ቦይ ሲከፍተው ውሃው እንደሚሄደው፣ ቤተል ወሬዋን ጀመረች። እትዬ ስለ ጅቡና ስለ አህያዋ የነገረቻቸውን ተረት ከነድምፁ፣ ማን ማንን እንደነከሰ፣ እጅ ሳይታጠቡ መብላት ለምን እንደማይቻል፣ አንዱንም ሳታስቀር ተረከችው። እትዬ ጽጌረዳ ይህን ሁሉ የተናገረችው በአማርኛ ነው። ለካ ልጅቷ አንድም ነገር አላመለጣትም። ካሱ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ። ደስታውም እፍረቱም አንድ ላይ መጣበት።

በማግስቱ ማለዳ ትከሻው ላይ እንደተሸከማት እትዬ ጽጌረዳ ፊት ቆመ። ለካሱ እንዲህ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች። በናቷ ቋንቋ ትንገርሽ።"

እትዬ ጽጌረዳም ጥሩ ሰው ናት፣ አልተኮፈሰችም። "እንግዲያው እናትየው ትምጣልንና እኔንም ታስተምረኝ" አለች። ከዚያ ወዲያ ሻሺቱ እንዝርቷን ይዛ ከልጆቹ መሃል ትውል ጀመር። ቤተል ለናቷ ትነግራለች፤ ሻሺቱ በገበያ አማርኛዋ ለእትዬ ታቀብላለች። ቆጮውም ወደ ምሳ ዕቃው ተመለሰ።

የገና በዓል ዝግጅት ደረሰ፤ ወላጅ ሁሉ አዳራሹን ሞላው። ካሱ ኮት ከለበሰ አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከበስተግራው ሻሺቱ አለች። ቤተል እስከዚያ ቀን ለእትዬ በቀጥታ አንድ የአማርኛ ቃል አልተናገረችም። ልጆቹ ሊዘምሩ ሲሰለፉ፣ በዚያው ሰሞን ከጫኖ የመጣች ማሚቱ የምትባል ልጅ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እትዬ ጽጌረዳ ብታባብላት፣ ከረሜላ ብታሳያት፣ ወይ ፍንክች።

ቤተል ከሰልፉ ወጣችና የማሚቱን እጅ ያዘች። ጎንበስ ብላ በጋሞኛ ጠየቀቻት። ሰማቻት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞራ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ፣ በጠራ አማርኛ ተናገረች።

"እትዬ፣ አባቷ ትቷት እንዳይሄድ ፈርታ ነው። እፊት ይቀመጥላት።"

የማሚቱ አባት ጭቃ ባልለቀቀው ቦቲው ወደ ፊት መጥቶ ተቀመጠ። ለቅሶው ቆመ። ኮት የለበሰው ሰውዬ ወደ ካሱ ዘንበል ብሎ ጠየቀው።

"ይቺ ጎበዝ የማን ልጅ ናት?"

ካሱ ከወንበሩ ተነሳ። ደረቱን ነፋ። ዕድሜ ልኩን ኮት በለበሰ ሰው ፊት ያልተናገረውን ጋሞኛ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ከነሙሉ ኩራቱ ተናገረው። ሰውዬው አልገባውምና ወደ ሻሺቱ ዞረ።

"የኛ ልጅ ናት ነው የሚለው" አለችው ሻሺቱ በገበያ አማርኛዋ፤ ካሱም በዚያ ቀን የሚያርመው ነገር አልነበረውም።