ጳጉሜን ሳልቆጥር

እናቴ የሞተችው ነሐሴ አንድ ቀን ነው። አላለቀስኩም። ለቀስተኛ ያላለቀሰን ሰው ወይ ጠንካራ ወይ ጨካኝ ከማለት ሌላ መካከለኛ ስም የለውም፤ እኔን በአብዛኛው ጠንካራ አሉኝ። ከሁለቱም አልነበርኩም። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የሰው እጅ ስጨብጥ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲሉኝ «አሜን» ስል፣ የሚሰማኝ ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ብቻ ነበር። ሰልስቱ አለፈ፤ ሥራ ገባሁ፤ ምሳ በላሁ። ሽሮው ጨው ይብዛው ይነሰው ለይቼ መናገር አልችልም ነበር።

የምሠራው ጅማ ውስጥ የጤና ባለሙያዎችን በሚያሠለጥን አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነው። የኮምፒውተር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ይጠሩኛል፤ የኃላፊው ስልክ ሲሞላ ይጠሩኛል። ማንም የማያየው ሥራዬ ግን ሰርቨሩን መጠበቅ ነው። አመልካቾች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ የሚኖረው እሱ ላይ ነው። ድረ ገጽ ደግሞ እንደ ሰው መታወቂያ አለው፤ ሰርተፍኬት ይባላል፤ «እኔ እውነተኛው ነኝ» ብሎ ለሚገባው ሰው የሚያሳየው እሱን ነው። የእኛ መታወቂያ የሚያገለግለው ዘጠና ቀን ነው። ጊዜው ካለፈ ገጹ በመከፈት ፈንታ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ መረጃዎን ሌቦች ሊወስዱት ይችላሉ ይላል።

በሌላው ዓለም ይህን እድሳት ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል። የእኛን ግን ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በእጅ እንዲታደስ አድርጎ ሄደ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጠኛል፤ ያንን የኮሌጁ ድረ ገጽ ስም የተመዘገበበት ቦታ ማስገባት አለብን፤ የዚያ ቦታ ቁልፍ ያለው አዲስ አበባ በሚኖር አንድ ሰው እጅ ነው። እደውልለታለሁ፣ ያስገባል፣ እኔ ኢንተር እጫናለሁ፣ ታደሰ። ላስተካክለው እችል ነበር። ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት።

ቀኑን የምቆጥረው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ባለው የኛው ካላንደር ነበር። ዘጠና ቀን ሦስት ወር ነው፤ የኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሂሳብ የለም። ኅዳር ላይ ሥራውን ተረከብኩ፤ ታኅሣሥ አደስኩ፣ መጋቢት አደስኩ፣ ሰኔ ሰባት አደስኩ። አንድም ጊዜ አልሳትኩም። በሰኔው እድሳት ማግስት የካላንደሩ ጀርባ ላይ «መስከረም አምስት» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ በእኔ ስሌት የሚያልቀው መስከረም ሰባት ነውና ሁለት ቀን ቀደም ማለቴ ነበር።

መስከረም ሦስት ከቀትር በኋላ ከአክስቴ ጋር ጓዳ ተቀምጠን ድንች እንልጣለን። ለእናቴ አርባ ድግስ ፈቃድ ወስጃለሁ።

«ከነገ ወዲያ ነው እንግዲህ» አለች አክስቴ። «ካህናቱን ተናግሬያለሁ። የመሥሪያ ቤትሽን ሰዎች ጠርተሻል?»

«መስከረም ዐሥር ብያቸዋለሁ።»

«ማን ነው ዐሥር ያለሽ?»

«ነሐሴ አንድ ነው የሞተችው። ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ከመስከረም ዐሥር፤ አርባ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ጳጉሜንስ? አምስቱን ቀን የት ጣልሻቸው? ይህን ሁሉ ተምረሽ!»

አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና ነው። እኔ ደግሞ የተከራከርኩት አንድ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ እጄን ሳልታጠብ ስልኬን አነሳሁና የኮሌጁን ገጽ ከፈትኩ። ቀይ። ካለቀ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሰኔ ሰባት ላይ ዘጠና ስትጨምር በጳጉሜን በኩል አልፈህ መስከረም ሁለት ላይ ነው የምትቆመው። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ያው ዛሬ፣ መስከረም ሦስት፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰዓቴ ዐሥር ሊሆን ነው።

መሥሪያ ቤት ገጹ አልከፍት እንዳለ ከትናንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ከኔትወርኩ ይሁን ከእኛ ግን አልለዩም። ሐዘን ላይ ናት፣ አናስቸግራት ብለው ነው ያልደወሉልኝ። ደግነት ነው፤ ምን ይባላል።

ላፕቶፔን ድንቹ አጠገብ ከፍቼ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ያቺን አንድ መስመር ጻፍኩ። ድርድሩን ሰጠኝ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አይነሳም። አክስቴ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ፤ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ውስጤ ግን ምንም አልነበረም። እጄ ይሠራል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አየዋለሁ። ሰውየው ያነሳው ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። አስገባ፤ ኢንተር ተጫንኩ፤ ቀዩ ጠፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተመልሼ ድንቼን ላጥኩ።

አርባው በቀኑ ተደገሰ። በማግስቱ የሬጅስትራር ኃላፊው ደወለ።

«አንዲት ከአጋሮ ወዲያ ያለች ልጅ አልተመዘገበችም። የአዋላጅ ነርስነት ቦታ ደርሷት ነበር። ገጹ አልከፍት ብሎኝ ነው ትላለች። ችግሩ የኛ ከሆነ ቀን ልንጨምርላት እንችላለን፤ የእነሱ ሰፈር ኔትወርክ ከሆነ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ነው። ኔትወርክ ነው አይደል?»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ።

ለመዋሸት አልወሰንኩም፤ ለመወሰን የሚያስፈልገው ነገር ውስጤ አልነበረም። ቃሉ ደግሞ አፍ ላይ የቀረበ ነው፤ «ሲስተም የለም»ና «ኔትወርክ ነው» ባይፈጠሩ የሀገራችን ባለጉዳይና ባለቢሮ ሲደባደብ ይውል ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ልጅቷ ትገባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቦታው ለሌላ ተሰጠ፣ ዝርዝሩም ተለጠፈ።

አባቷ የመጡት ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነው። የሬጅስትራር ኃላፊው ራሱ ወደ ቢሮዬ ይዟቸው ገባ፤ «እስቲ አንቺ በደንብ አስረጃቸው» አለኝ። ረጅም፣ ቀጭን ገበሬ ናቸው፤ ቡና የሚያመርቱ። ወንበር ስሰጣቸው ልብሴን አዩ።

«እህቴ፣ ጥቁር ለብሰሻል። ማን ነው?»

«እናቴ።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እናት ከባድ ነው ዋላሂ።» ተቀመጡ። «እኔ ለወቀሳ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዘግይቼ ነው እያለች ታለቅሳለች። እሷ አልዘገየችም፤ መንገዱን ውሃ ይዞት ነው። አጋሮ ኢንተርኔት ቤት ገባን፤ ቀይ ነገር ወጣ። ባለቤቱ ‹ሌባ ሊኖር ይችላል ነው የሚለው፤ ግን ማለፍ ይቻላል› አለን። እኔ ነኝ ተይው ያልኳት። ጎረቤቴ በስልክ ተታሎ አይቻለሁ፤ ፈራሁ። እውነት ሌባ ነበረ? ወይስ ልጄን ያስቀረኋት እኔ ነኝ?»

የሬጅስትራር ኃላፊው «ኔትወርክ ነው አባባ» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት።

«ሌባ አልነበረም» አልኳቸው። «የኛው ገጽ ነው። ማደስ የነበረብኝ ነገር ነበር፤ ቀን ተሳስቼ አሳለፍኩት። እርስዎ መፍራትዎ ልክ ነው፤ ያ ጽሑፍ እንዲያ ሲል ያልፈራ ሰው ነው የሚሳሳተው። በኋላም ኃላፊው ጥፋቱ የኛ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አይደለም ብዬ ዋሸሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሬጅስትራር ኃላፊው በዝቅተኛ ድምፅ «አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ሰውየው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ቦታው ይመለሳል?» አሉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዝርዝሩ ፀድቋል፣ ሌላዋም ልጅ ክፍል ገብታለች። ለሚመጣው ዓመት ቦታ እንዲያዝላት፣ ጥፋቴን ጨምሬ ዛሬውኑ ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

«ለጋብቻ የሚጠይቋት ሰዎች አሉ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ትማራለች ብዬ ነው የመለስኳቸው። አንድ ዓመት ለሴት ልጅ ረጅም ነው።» ከዚያ ከኪሳቸው ስልክ አወጡ፤ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልክ። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ለእኔ ያልሽውን ለእሷ ንገሪያት። እኔ ብላት ሊያጽናናኝ ነው ትላለች።»

ደውለው ሰጡኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ አባቷ አጠገቤ እንዳሉ፣ እሷ እንዳልዘገየች፣ ያሳለፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እንደዋሸሁም ጭምር። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አባቴ ይሰማናል?» አለች በመጨረሻ።

«አይሰሙም።»

«እንግዲያው ለእሱ ይንገሩልኝ። እሱ ስለከለከለኝ እንዳልቀረሁ ደጋግመው ይንገሩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በደንብ አይበላም። እኔ እኮ እንዳልዘገየሁ አውቃለሁ፤ ዘግይቼ ነው የምለው እሱ በራሱ ላይ እንዳይፈርድ ብዬ ነው።»

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ። ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «ምን አለች?» አሉኝ።

እናቴ እንዲህ ትዋሽልኝ ነበር። ዕቃ ስሰብር፣ አባቴ ከቢሮ ሲመለስ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት ትለው ነበር፤ ከበር ኋላ ቆሜ እሰማታለሁ። ጥፋቴን የሚወስድልኝ ሰው እንደሌለ የገባኝ ያን ጊዜ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ነው፤ መሞቷም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ስከፍት የመጣው ቃል ሳይሆን ለቅሶ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ያላለቀስኩት፣ ድምፅ ያለው። የሬጅስትራር ኃላፊው ደንግጦ ወጣና በሩን ዘጋው።

ሰውየው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ልጃቸው ምን እንዳለች ገና አልሰሙም፤ ግን መልሰው አልጠየቁኝም። «አልቅሺ፣ አልቅሺ» እያሉ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ቁጭ አሉ። ድምፄ እስኪመለስ ብዙ ጠበቁኝ። ልጃቸው ያለችውን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።