ኾሩን የተሻገረው ሞተር

ሞተሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ነኝና ዋጋው ያልታወቀ ወሬ አይጥመኝም። ሁለት የፊት ጥርስ፣ ገበያውን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ሱቅ፣ አምስት ግመል፣ ድንጋይ ስፈልጥ ያለፈ አንድ ክረምት። ዛሬ ሰዎች "በዚያ ሁሉ ፈንታ ምን አተረፍህ?" ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ በጣልያን ጊዜ አንዲት ሳንቲም ያልወጣቸው ናቸው።

መተማን ከጋላባት የሚለየው አንድ ኾር ነው። ኾር የምንለው በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ አሸዋው ብቻ የሚቀር ወንዝ ነው። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ሱዳንና የእንግሊዝ ባንዲራ። ከመተማ ዳር ቆሞ የተሳደበ ሰው መልሱን ከጋላባት ይሰማል፤ መላሹም የሻይ ብርጭቆውን አያስቀምጥም። ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሞተሩን ገዳሪፍ ላይ ከአንድ ከከሰረ ግሪክ ነጋዴ ገዛሁት። ላምባ የሚጠጣ የእንግሊዝ ሞተር ነው፤ ከነወፍጮ ድንጋዩ። በአዲስ አበባ ሥልጣኔ በባቡር ገባ ሲሉ እሰማለሁ። ወደ እኛ የገባው በግመል ነው፤ በአምስት ጭነት ተበታትኖ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ።

ግመሎቹን እየመሩ ያመጡት ሐጂ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቅፍለት መሪ ሆነው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ መንገድ የቅፍለት መሪ ከኾሩ ወጥቶ ከተማ ሲረግጥ ዝም ብሎ አይገባም። ቆሞ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የጫነውን፣ የማን እንደሆነና በደህና መግባቱን ይጮኻል። ባለቤቱ ይውጣ፣ ሰፈሩም ምስክር ይሁን ነው ነገሩ። ሐጂም የመተማን ዳር ሲረግጡ እንዲህ ብለው ጮኹ፦

"ላምባ የሚጠጣ፣ ማሽላ የሚበላ ብረት! የዚህ የእኛው ነጋዴ ነው! ሳይጎድል ሳይሰበር ገባ!"

ሕፃን አዋቂ ሳይቀር ወጣ። አንዲት አሮጊት ሞተሩን ዞረው አይተው "ይሄ ሁሉ ሆድ ምን ሊጠግብ ነው?" አሉኝ።

የሚተክለውን ሰው አብሬ ከገዳሪፍ አመጣሁ። ኡስታ ነው የምንለው፤ በሱዳን ባቡር ጋራዥ ዘይት ሲቀባ የኖረ አንጥረኛ። ትሕትና የሚባል ነገር አያውቅም። ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር እንግሊዝን ራሱ የወለደው ይመስል ዞር ዞር እያለ ያየናል። የሞተሩን ብረቶች ሆድ፣ ጉበት፣ ምላስ እያለ ይጠራቸው ነበርና ከተማው ሁሉ የእርሱን ቋንቋ ለመደ። "ዛሬ ጉበቱን አሞታል" ከተባለ ሰው እህሉን ይዞ ይመለሳል።

ሞተሩ ሲተከል አንድ ዳስ ነበር፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ሰፈር ሆነ። የላምባው ባዶ ቆርቆሮ ሲበዛ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መጣና ኩራዝና ባልዲ ይሠራ ጀመር። መዘውሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ጠፍር ሲበጠስ የሚሰፋ ቆዳ ሠሪ መጣ፤ ከጎጃም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋልና ኪስራ የሚባለውን የሱዳን ቂጣ ጋጋሪዎች መጡ፤ ከማዶ። ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለሰው ወሎዬ እዚያው ቁጭ ብሎ ደሞዙን ይጨርሳል። ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ፣ ደገኛው ከሱዳኑ በአንድ ወረፋ ይሰለፋል። ማነህ፣ ከየት ነህ የሚል የለም። "ስንት ቁና ነው?" ብቻ ነው ጥያቄው።

ከዚያ ጣልያን ገባ። መኪናውን ያየን ጊዜ እንድንደነግጥ ፈልጎ ነበር መሰል፣ ገበያ መሐል አቁሞ ደጋግሞ አስነሳው። ኡስታው ጆሮውን አዘንብሎ ሰማና "ወላሂ የኛው ሞተር ነው፤ እግር ስላወጣ ነው" አለ። ገበያው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ውስጥ ገባን።

ካምፓቸውን ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሠሩ። እኔ መፍጨቴን ቀጠልሁ። ከአርማጭሆ በኩል በአህያ የሚመጣ ማሽላ ነበር፤ የሚያመጡት ሰዎች ጎፈሬያቸው ያደገ፣ ወሬ የማይወዱ ናቸው። ዱቄታቸውን ተቀብለው በመጡበት ሳይሆን በጫካው ይመለሳሉ። ማን እንደሚበላው አልጠየቅሁም። የማያውቅ አልነበረምና መጠየቁም አያስፈልግ ነበር።

ጋላባት ላይ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በነበረው በጋ ወሬው ኮረብታው ደረሰ። የካምፑ አዛዥ፣ ሻለቃ ነው፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ ዳሴ መጣ። ሞተሩን በከዘራው ነካ ነካ አደረገና ብዙ ተናገረ።

"ይህ ሞተር ከእንግዲህ ካምፕ ውስጥ ነው የሚሠራው ይላሉ" አለ አስተርጓሚው። "ማታ መብራት ያበራል፣ ቀን ይፈጫል። ማስፈጨት የሚፈልግ ካምፕ ይመጣል፣ ስሙንና አገሩን ያስመዘግባል፣ ለቤቱ የሚበቃውን ብቻ ያስፈጫል።"

"የሚበቃው ስንት ነው ብለህ ጠይቅልኝ።"

"እሳቸው የሚወስኑት ነው።"

"ሆዱ የሰውየው፣ ልኩ የእሳቸው?"

አስተርጓሚው ሳል አለና ተረጎመ። ሻለቃው ፈገግ አለ፤ ስለዚህ የተረጎመው የእኔን ቃል አይደለም።

"መኪኖቻቸው ጎንደር ናቸው" ቀጠለ አስተርጓሚው። "ራስህ አስነቅለህ፣ በራስህ ግመል ጭነህ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ኮረብታው ላይ አድርስ ይላሉ።"

ሰውየው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ድምፁ እስከ ጋላባት ይሰማል፤ እንደ ልብ ትርታ ነው፤ ቀጥ ካለ ሰው ሁሉ "ምን ሆነ?" ይላል። አሁን ግን ንቀል፣ ጫን ያለኝ ራሱ ሆነ፤ ሞተሩ ቢቆም የሚጠረጥር የለም። በማግሥቱ ደግሞ ገበያ ነው፤ ሰሊጥና ሙጫ የጫኑ ግመሎች እንደ ወትሮው ኾሩን የሚሻገሩበት ቀን።

ሻለቃው ዞር እንዳለ ከኡስታውና ከሐጂ ጋር ከዳሱ አጠገብ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

"ሆዱንም ጉበቱንም በሰሊጥ ጆንያ እቀብራለሁ" አለ ኡስታው። "ግን ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ መዘውሩ ጆንያ አይገባም። ጣልያን ደግሞ መዘውር ካልያዘ ምንም አልያዘም።"

"መዘውሩን እርስዎ ይያዙት፣ ሐጂ" አልኋቸው። "በማሽላ አገዳ ሸፍነን።"

"አገዳ ተሸክሜ ጋላባት? ማዶ አገዳ ጠፍቶ ነው? ሰው ይስቅብኛል።"

"ይሳቅብዎ። የሚስቅ ሰው አይፈትሽም።"

"አንተ አትሻገርም?"

"እኔማ ኾሩ ዳር ያለው የጣልያን ኬላ ላይ ሻይ እየጠጣሁ እቆያለሁ። ባለ ሰሊጡ ራሱ ቀድሞ ከሮጠ ማን ሰሊጥ ነው ብሎ ያምናል? የመጨረሻው ግመል ሲወጣ እከተላችኋለሁ።"

እኩለ ቀን ላይ፣ ጣልያኖቹ ምሳቸውን በልተው በሚተኙበት ሙቀት፣ ግመሎቹ ወደ ኾሩ ወረዱ። ኬላው ላይ የነበረው ሹምባሹ ነው፤ ለጣልያን የገቡ የአገሬው ወታደሮች አለቃ። ጆንያ የሚወጋበት ሹል ብረት ነበረው። ሐጂ ከፊት ሆነው አገዳቸውን ይዘው ሲያልፉ "አንቱ፣ ግመሏ ስንቋን ይዛ ነው የምትሄድ?" ብሎ ሳቀ፤ አሳለፋቸው። ሁለተኛውን ግመል ግን አስቆመና ጆንያውን ወጋ። እግዜር ሲረዳ ከብረቱ በላይ ነው የወጋው። ሰሊጡ ፈሰሰ።

አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ፍሬ በፍሬ መልቀም ጀመርሁ። "ኧረ ወገኖቼ! ላቤን አፈሰሰው! ይህን ማን ይከፍለኛል? ሻለቃው ዘንድ እከስሃለሁ! በል አብረን እንልቀም!" ሰው ተሰበሰበ። ሹምባሹ አፈረም፣ ሰለቸም። "በል ንዳቸው! ንዳቸውና ገላግለኝ!" አለኝ። የቀሩትን አልነካቸውም። ሻይ አስቀዳሁለት።

ሁለታችንም ብርጭቆ ይዘን ቆመን እናያለን። አራቱ ግመሎች ኾሩ መሐል አሸዋውን ይረግጣሉ። ሐጂ የጋላባትን ዳር ወጡ። ቆሙ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ።

"ላምባ የሚጠጣ፣ ማሽላ የሚበላ ብረት! የዚያ የመተማው ነጋዴ ነው! ሳይጎድል ሳይሰበር ገባ!"

አየሩ ጸጥ ያለ ነው። አንዲት ቃል አልጠፋችም።

"ምንድን ነው ያለው?" አለ ሹምባሹ።

"አርጅተዋል፤ የድሮ ጭነት ትዝ ብሏቸው ነው።"

ምናልባት ያምነኝ ነበር። ግን አራቱን እየነዳ ኾሩ መሐል የደረሰው ኡስታ ግመሎቹን በዱላ እየገረፈ ሩጫ ጀመረ። ሰሊጥ የጫነ ሰው እንደዚያ አይሮጥም። ሹምባሹ ጠመንጃውን አነሣ፤ ከግመሎቹ ጀርባ ግን የእንግሊዝ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ወደዚያ መተኮስ አይችልም። አፈሙዙን ማዶ ማሳረፍ ሲያቅተው ሰደፉን እኔ ላይ አሳረፈው። ጥርሶቼ የቀሩት እዚያ፣ ከሰሊጤ ጋር ነው።

ኮረብታው ላይ ሻለቃው እንቅልፉ ተቋርጦበት ተቆጥቶ ጠበቀኝ።

"ሞተሩ የት ነው ይላሉ።"

"ንቀል አሉኝ፣ ነቀልሁ። ጫን አሉኝ፣ ጫንሁ። ግመሎቹ ጣልያንኛ አይሰሙም።"

አስተርጓሚው በጣም ሳለ። ሻለቃው ግን ሲረጋጋ የነጋዴ ቋንቋ ተናገረ፤ ከሰደፉ ይልቅ እርሱ ከበደኝ። ለሽማግሌው ላክበት፤ ጭነቱን ይመልስ፤ ሱቅህ ከነዕቃው የአንተ ይሆናል፤ የካምፑ ወፍጮ ኃላፊ አደርግሃለሁ፤ ደሞዝ አለህ። ካልሆነ ሱቁ ይወረሳል፣ አንተም መንገድ ሥራ ትወርዳለህ።

አልዋሽም፣ አሰላሁት። ሱቁ አባቴ የመሠረተው ነው። ከሻለቃው መስኮት አሻግሬ ሳይ ጣሪያው ይታያል። ደሞዝ የሚባል ነገርም በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ደሜን ተፋሁና እንዲህ አልሁ፦

"በእኔ ወፍጮ ሰው ስሙን ሳይሰጥ አስፈጭቷል። ስም እየተቀበልሁ የምፈጭ ከሆነ የያዝሁት ወፍጮ አይደለም፤ የእርስዎ ኬላ ነው። ኬላ ደግሞ አለዎት። አልልክም።"

አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ አልሳለም። አንድ በአንድ ተረጎመው። በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ሻለቃው ፈገግ አላለም።

መንገዱ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ ባለቤቴ ስንቅ ይዛ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን እጇን ዘረጋችልኝ፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሯል። ከተማው ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮ ተመልሷል።

"አየኸው? አንተ እምቢ ትላለህ፣ የሚፈጨው በእኔ ክንድ ነው።"

"ሴቶቹ ይረግሙኛል?"

"ጠዋት ጠዋት ይረግሙሃል። ማታ ሲበሉ ይተዉሃል።" ስንቁን አስቀምጣ ከተነሣች በኋላ ዞር አለችና "እንዳታስመልሰው ግን" አለችኝ።

ያ ክረምት ጦርነት ይዞ መጣ። ጣልያን ኾሩን ተሻግሮ ጋላባትን ያዘ፤ ሞተሩን ግን አላገኘውም። ሐጂ ወሬው ሲከፋ ቀድመው ወደ ገዳሪፍ አሽሽተውት ነበር። እንግሊዝም በነጻ አላሳለፈንም፤ ቀረጥ ጠየቀ። በቀረጡ፣ በመኖውና በመጋዘን ኪራዩ ግመሎቼ አንድ በአንድ ተሸጠው አለቁ። ክረምቱ ሲወጣ እንግሊዝ መድፉን አዞረብን፤ መተማ ነደደች። ጠባቂዎቻችን መሸሸጊያ ሲፈልጉ እኔም ድንጋዩን ለፈለገው ትቼ ጫካ ገባሁ። በኋላም ጣልያኖቹ ለቀው ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ ተመለስሁ። ሱቄን የመኮንኖች መጠጥ ቤት አድርገውት ኖሮ ከነጠርሙሱ ነድዷል። ጥሩ አድርጎ ነው የነደደው።

ሐጂና ኡስታው ሞተሩን በኪራይ ግመል ጭነው ሲመለሱ ኾሩ ዳር ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሐጂ ከሲታ ሆነዋል። ኡስታው ወፍሯል፤ ለሞተሩ ብረት መቀቢያ የገዛው የሰሊጥ ዘይት ሁሉ ለብረቱ እንዳልዋለ ገባኝ።

"ሐጂ" አልኋቸው ጥርሴን እያሳየሁ፣ "ምነው ያን ቀን ዝም ብለው ቢገቡ?"

ሐጂ ጥርሴን ትክ ብለው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልማድ ነው፣ ልጄ፤ አፌ ቀደመኝ። በኋላ ግን አሰብሁት። ዝም ብዬ ብገባ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል ነበር። የራስህ ንብረት አይደል እንዴ?"

የግመሉን ገመድ ተቀበልኋቸው። 

ከዚያ መተማ ዳር ቆመው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ግማሹ ከተማ ከሰል ነው። ድምፃቸውም ደክሟል። ስለዚህ እኔ አብሬ ጮኽሁ፤ በተሸረፈው አፌ፣ ኮረብታው ላይ ላለው ባዶ ካምፕም እንዲሰማ አድርጌ። ሳይጎድል ሳይሰበር ገባ!

ኡስታው በሦስተኛው ቀን አስነሣው። ወረፋው ላይ ቀዳሚ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ከየት እንደመጡ አላውቅም። "ስንት ቁና ነው?" አልኋቸው።

ወጪ፦ ሁለት ጥርስ፣ አንድ ሱቅ፣ አምስት ግመል፣ አንድ ክረምት። ገቢ፦ አንድ ሞተር፣ ያው የራሴው። ይፈጫል።