ሌንሴ ሐይቁ ዳር የጸለየችበት ማዕድ

በላች! ሌንሴ በላች! ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ይሄን ስሙልኝ። ልጄ ትናንት አንጮቴ፣ ያን የአገራችንን ሥራ ሥር፣ በቅቤ በላች!

ከአብዮት በዓል ወዲህ እህል ስትሸሽ ነው የከረመችው። ለበዓሉ ሰው በሰው ትከሻ ላይ የሚቆምበትን ጅምናስቲክ ሲያለማምዷቸው አሠልጣኙ «አንቺ ከባድ ነሽ፣ ከሥር ሆነሽ ተሸከሚ» አላት። ጓደኞቿ ደግሞ «ጆንያ» ብለው ሳቁባት። ከዚያ በኋላ... ጉርሻ ስናቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ቀሚሷ ላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። ነቀምት ያያት ሐኪም «እንዲህ ከቀጠለች ልቧ አይችልም» አለኝ።

ትናንት ከሰዓት ጉቴ ከተማ ክሊኒክ፣ ሲስተር አበራሽ ዘንድ ወሰድኳት። ጨዋታ የምታውቅ ነርስ ናት። የዘገየ ምሳዋን ልትበላ አንጮቴዋን ከፍታ ደረስንባት። የመድኃኒት ብልቃጥ ታወጣለች ስል ከመሳቢያው ሁለት ዓይን ያለው የስዕል መነጽር አወጣች። አንዲት ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትገባ የተወችላት ነው። ወደ መስኮት ዞረው ሲያዩበት ስዕሉ ይከፈትና ሰው የሚገባበት ይመስላል።

«ምን ይታይሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ የእኔ ልጅ?» አለች ሲስተር፣ መነጽሩን ለሌንሴ ሰጥታ።

«ሐይቅ... ዳሩ ላይ ጠረጴዛ። ሰዎች ሊበሉ ተቀምጠዋል።»

«ግቢና ተቀመጪ። እዚያ ማንም አያውቅሽም፤ ወፍራም፣ ቀጭን የሚልሽ የለም።»

ልጄ መነጽሩን ዓይኗ ላይ ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ መሰለ። ውሃው ያበራል አለች። ነፋሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያነሳዋል አለች። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት... እኔ ራሴ ክሊኒክ ውስጥ መሆኔን ረሳሁት። የውሃው ሽታ ሁሉ መጣብኝ።

«ብዪ እንጂ ታዲያ!» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

«አዮ፣ እማዬ፣ እንዴት ይበላል? ማንም አልጸለየም እኮ!»

«አንቺ ጸልዪላቸዋ» አለች ሲስተር።

ጸለየች። መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሳ፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ... ለሐይቁም፣ ለሴትዮዋም፣ ለእኛም። «አሜን» አልን።

መቼም በእኛ ዘንድ የጸለየው ነው የሚጀምረው። እሱ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይሰድም። ሲስተር ሳህኑን ወደ ሌንሴ አስጠጋችና እጇን አጣጥፋ ቁጭ። እኔም ቁጭ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ሌንሴ።

«አንቺን ነዋ! ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ራበኝ እኮ!» አልኳት።

እጇ ወደ ሳህኑ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ልትመልሰው ነው ስል፣ መነጽሩን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። አላመጠች፣ አላመጠች... ዋጠች።

«ሴትዮዋ ሳቀችልኝ» አለች።

እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሲስተር ግን «ተመስገን! ምሳዬ በረዶ ሊሆን ነበር» ብላ ጎረሰች።

«ገና ነው፣ እንዳታጣድፏት» ብላናለች፤ መነጽሩንም አውሳናለች። ዛሬ ጠዋትም ልጄ ሐይቁ ዳር ደርሳ፣ ቁርሷን ቀማምሳ ተመልሳለች።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረሳችሁና፣ ሌንሴ የምትጸልይበት ትልቅ ማዕድ ላቀርብ ነው፤ ቀበሌ ያለፈቃድ ስብሰባ ነው እንዳይለን የልደት ድግስ ነው ብያለሁ። ማንም ቤቱ በልቶ እንዳይመጣ! ሁላችሁም፣ ከነጎረቤታችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት!